ናፍቆት የሰበሰበው ልቡና፤ የራማክሪሽና ሕይወት

የሰው ልቡና በባሕርዩ ተቅበዝባዥ ነው። እጅ ሥራ ይዞ፣ ዓይን በመጽሐፍ ላይ ተተክሎ፣ አፍም ጸሎት እያደረሰ ሳለ፣ ልቡና ግን ገበያ ይውላል፤ ከባላጋራ ጋር ይሟገታል፤ ያለፈውን ይቈጥራል፤ ያልመጣውን ይፈራል። ይህ ድካም የአንድ ሕዝብ ወይም የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። የሀገራችን ሊቃውንት ኅሊናን ከምድራዊ ሐሳብ ነቅሎ ወደ አምላክ ማንሣትን ሰቂለ ኅሊና ብለው ይጠሩታል፤ ለሚጸልይ ሰው ምን ያህል አስፈላጊ፣ ምን ያህልም አስቸጋሪ እንደ ሆነ ሲያስተምሩ ኖረዋል። በሕንድም የሂንዱ ሃይማኖት ሊቃውንትና መናንያን ለዚሁ ችግር መድኃኒት ሲፈልጉ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አሳልፈዋል። በሀገራችን ከሕንዳውያን መምህራን ሒሳብና ሳይንስ የተማረ ሰው ብዙ ነው፤ የእነዚያ መምህራን ሀገር በዚህ ረገድ ያፈራችውን ልምድ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ከሕንድ መናንያን መካከል በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በቤንጋል የኖረው ራማክሪሽና ልዩ ስፍራ አለው። የቀለም ትምህርቱ አነስተኛ ነበር፤ መጽሐፍ አልጻፈም፤ ማኅበርም አልመሠረተም። ከሕይወቱ አንድ ቁም ነገር ቢወሰድ፣ ልቡና በአምላክ ላይ የሚያርፈው በግርፋት ሳይሆን በናፍቆት መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ናፍቆቱ ያስከፈለው ዋጋ ነበረ፤ ያንን ዋጋ የከፈለውም እሱ ብቻ አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ሳናዳላ እንመለከታለን። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት ያደገበትን የአምልኮ ሥርዓት በጥቂቱ ማስረዳት ይገባል። በሂንዱ እምነት ወደ አምላክ ያደርሳሉ የሚባሉ መንገዶች ብዙ ናቸው። የዕውቀት መንገድ አለ፤ የሥራ መንገድ አለ፤ የአእምሮ ልምምድ መንገድ አለ፤ ባክቲ የሚባል የፍቅር መንገድም አለ። የባክቲ ተከታይ አምላክን ረቂቅና የማይጨበጥ አድርጎ ከማሰብ ይልቅ፣ ስምና መልክ ባለው አኳኋን ይቀርበዋል። እያንዳንዱ አማኝ ልቡ ያዘነበለበት ይህ የአምላክ መልክ ኢሽታ ይባላል። ለአንዱ ራማ፣ ለሌላው ክሪሽና ወይም ሺቫ፣ ለሌላውም እናት አምላክ ካሊ ትሆናለች። አማኙ የኢሽታውን ስም ከመንፈሳዊ መምህሩ ተቀብሎ ደጋግሞ ይጠራል፤ ይህም ጃፓ ይባላል። ለዚሁ 108 ፍሬ ያለው መቍጠሪያ ይይዛል። ምስሉን ያጥባል፤ ያለብሳል፤ አበባና ምግብ ያቀርብለታል፤ በፊቱ መብራት ያዞራል፤ ይዘምርለታል። ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ ያንኑ መልክ በልቡ ይሥላል፤ ሐሳቡ ባፈነገጠ ቍጥርም ሳይሰለች ይመልሰዋል።

የሥርዓቱ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልቡና ባዶ ሆኖ መቀመጥ ስለማይችል ባዶ እንዲሆን አይገደድም፤ የሚይዘው ነገር ይሰጠዋል። እጅ አበባ፣ ጆሮ ዜማ፣ ምላስ ስም፣ ዓይን መልክ ሲያገኙ፣ ልቡናን በየፊናቸው ይጐትቱት የነበሩት የስሜት ሕዋሳት ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመሩታል። አማኙም እንደ ዝንባሌው አንዱን የፍቅር ዐይነት ይመርጣል፤ አገልጋይ ለጌታው፣ ወዳጅ ለወዳጁ፣ እናት ለልጇ ወይም ልጅ ለእናቱ እንዳለው ፍቅር ማለት ነው። ራማክሪሽና ከሁሉ አስቀድሞ የያዘው የልጅን ፍቅር ነበር።

የተወለደው በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1836 በቤንጋል ገጠር፣ ካማርፑኩር በምትባል መንደር፣ ከድኻ የብራህሚን ቤተሰብ ነው። ወላጆቹ ኩዲራምና ቻንድራማኒ ይባሉ ነበር፤ እሱንም ጋዳድሃር ብለው ሰየሙት። አባቱ ቀደም ሲል በሌላ መንደር ርስት ነበረው። የዚያ አገር የመሬት ጌታ በፍርድ ቤት በሐሰት እንዲመሰክርለት ቢጠይቀው እምቢ በማለቱ፣ ርስቱን አጥቶ ወደ ካማርፑኩር ተሰደደ። እንግዲህ ልጁ የተወለደበት ድህነት ከእውነት ባለመራቅ የመጣ ድህነት ነበር።

ጋዳድሃር ትምህርት ቤት ቢገባም ሒሳብ አይወድለትም ነበር። ዜማና ሥዕል፣ በመንደሩም የሚተረኩት የአማልክት ታሪኮች ይማርኩት ነበር። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ የተጠበሰ ሩዝ እየበላ በሩዝ እርሻ ድንበር ላይ ሲሄድ፣ የጠቈረ የዝናም ደመና ሰማዩን ሸፈነው። በዚያ ጥቍር ደመና ሥር ነጫጭ ወፎች ተሰልፈው ሲበርሩ ቢያይ፣ ከውበቱ የተነሣ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ሰዎችም ተሸክመው ወደ ቤቱ አገቡት። ሌላ ጊዜም በመንደሩ ተውኔት ላይ ሺቫን ሆኖ እንዲጫወት ቢመረጥ፣ መድረክ ላይ እንደ ወጣ በተመስጦ ደንዝዞ ቀረ። ይህ ሕፃን ወደ አንድ ነገር ከተመለከተ የማይመለስ ልቡና እንደ ነበረው ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች እንረዳለን። በ1843 አባቱ ሲሞት ይበልጥ ዝምተኛ እየሆነ ሄደ።

በ1852 ታላቅ ወንድሙ ራምኩማር ወደ ካልካታ አመጣው። ራምኩማር በዚያ የሳንስክሪት ትምህርት ቤት ነበረው፤ ወንድሙም ተምሮ ቤተሰቡን እንዲረዳ ፈልጎ ነበር። ጋዳድሃር ግን እንጀራ ለማግኘት ብቻ የሚሰጥ ትምህርት እንደማይሻ በግልጽ ነገረው። በዚያን ጊዜ ካልካታ የእንግሊዝ ሕንድ ዋና ከተማ ነበረች። የምዕራቡ ትምህርት በወጣቱ ዘንድ እየተስፋፋ፣ የአባቶች እምነት በብዙዎች ዘንድ እየተናቀ የሄደበት ዘመን ነው። ለዚህ ነው የአንድ የገጠር ልጅ እምቢታ ኋላ ትርጕም ያገኘው።

በዚያው ዘመን ራኒ ራሽሞኒ የምትባል ባለጸጋ መበለት ከካልካታ በስተሰሜን፣ በጋንጀስ ቅርንጫፍ በሁግሊ ወንዝ ዳር፣ ዳክሺኔሽዋር በሚባል ስፍራ ለካሊ ታላቅ ቤተ መቅደስ አሠራች። ዘጠኝ ጕልላት ያለው የካሊ መቅደስ፣ ዐሥራ ሁለት የሺቫ መቅደሶችና አንድ የክሪሽና መቅደስ በአንድ ግቢ ተሠሩ። ሴትዮዋ በትውልዷ ከዝቅተኛ ወገን ስለ ነበረች፣ ብዙ ብራህሚኖች በቤተ መቅደሷ ለማገልገል አልወደዱም። ራምኩማር ግን ተቀበለ፤ መቅደሱም በሜይ 31 ቀን 1855 ተመረቀ። ጋዳድሃር መጀመሪያ በወንድሙ ውሳኔ ቅር ተሰኝቶ ነበር። ወንድሙ በ1856 ሲሞት ግን የካሊን አገልግሎት እሱ ወረሰ፤ ራማክሪሽና በሚል ስም የታወቀውም ኋላ በዚያ ነው።

ሌላ ካህን ቢሆን የዕለት ተግባሩን ፈጽሞ ደመወዙን ይቀበል ነበር። ይህ የሃያ ዓመት ወጣት ግን አንድ ጥያቄ እረፍት ነሣው፤ የማጥባትና የማለብሳት ይህች እናት በእውነት ካለች ለምን አትታየኝም የሚል ጥያቄ ነበር። ሌሊት ሌሊት ከግቢው አጠገብ ወዳለው ጫካ ገብቶ ይጸልያል። የማታው ደወል ሲሰማም አንድ ቀን በከንቱ አለፈ እያለ በወንዙ ዳር መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቅሳል። ምግብና እንቅልፍ ተወው። በመጨረሻ አንድ ቀን ተስፋ ቈርጦ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰይፍ አንሥቶ ሕይወቱን ሊያጠፋ ሲል፣ ግድግዳውና በሩ ሁሉ ከዓይኑ ጠፍተው ወሰን የሌለው የብርሃን ባሕር ሲያጥለቀልቀው እንዳየ ኋላ ለደቀ መዛሙርቱ ተርኳል። ስለዚህ ራእይ እውነተኛነት አንባቢ እንደ እምነቱ ይፍረድ። ለእኛ ጕዳይ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በፊት የነበረው ነው፤ ይህ ሰው ልቡናውን ለመሰብሰብ አልታገለም፤ ሌላ የሚሄድበት ስፍራ ስላልነበረው ልቡናው ራሱ ተሰበሰበ።

የዚህ ተቃራኒ ምን እንደሚመስል አንድ የታወቀ ታሪክ ያስረዳል። ራኒ ራሽሞኒ አንድ ቀን በመቅደስ ተቀምጣ እሱ ሲዘምር ትሰማ ነበር። በመካከሉ ዜማውን አቋርጦ ዞሮ በጥፊ መታት። አገልጋዮቿ ሊይዙት ተሯሯጡ። እሷ ግን ከለከለቻቸው፤ በዚያች ደቂቃ ልቧ በአምላኳ ፊት ሳይሆን በፍርድ ቤት ክርክሯ ላይ እንደ ነበረ ዐውቃለችና። ድኻ ካህን ባለጸጋ አሠሪውን መምታቱ ያስደንቃል። ከዚያ የሚበልጠው ግን የሴትዮዋ ትሕትና ነው፤ እውነቱን ከክብሯ አስበልጣ ተቀበለች።

እንዲህ ያለው ጠባይ ግን እብድ ማሰኘቱ አልቀረም። ለምስሉ ያዘጋጀውን ምግብ ለድመት ሲሰጥ ታይቷል፤ ሥርዓቱንም በተጻፈው ደንብ አይፈጽምም ነበር። ሐኪሞች መድኃኒት ሰጡት። እናቱና ዘመዶቹ ትዳር ቢይዝ ይረጋጋል ብለው በ1859 ጃይራምባቲ ከምትባል ጎረቤት መንደር ሳራዳ የምትባል ልጅ አጩለት። እሱ የሃያ ሦስት ዓመት ሰው፣ እሷ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበረች። ልጅን በሕፃንነት ማጋባት በሀገሩ የተለመደ ስለ ነበረ፣ ሙሽራዋ ከወላጆቿ ዘንድ ቀረች፤ እሱም ወደ መቅደሱ ተመለሰ። ስለዚህች ልጅ በኋላ እንመለስበታለን።

ከ1861 ጀምሮ የተለያዩ መምህራን እየመጡ አስተማሩት። መጀመሪያ የመጣችው ብራህማኒ የምትባል ሊቅ መናኝት ስትሆን፣ የታየበት ሁኔታ እብደት ሳይሆን በቀድሞ ቅዱሳን ላይም የታየ የፍቅር ጽናት መሆኑን በመጻሕፍት ማስረጃ ተከራከረችለት። ቀጥሎም በ1864 ገደማ ቶታፑሪ የሚባል፣ ልብስ የማይለብስ፣ በአንድ ስፍራም ከሦስት ቀን በላይ የማይቀመጥ ባሕታዊ መጣ። የቶታፑሪ ትምህርት ከባክቲ የተለየ ነበር። በእሱ ዘንድ ስምና መልክ ሁሉ ጥላ ነው፤ እውነተኛው አምላክ መልክ የለውም፤ ልቡናም ከማናቸውም ሥዕል መላቀቅ አለበት።

ራማክሪሽና እንደታዘዘው ልቡናውን ከሁሉ ነገር አላቀቀ፤ ከአንዲት ነገር በቀር። ዓይኑን በጨፈነ ቍጥር የካሊ መልክ ከፊቱ ይቆማል፤ ከዚያ ማለፍ ተሳነው። ቶታፑሪ ይህን ሲሰማ ተቈጣ፤ ከመሬት የመስታወት ስባሪ አንሥቶ በቅንድቦቹ መካከል ወግቶ፣ ሐሳቡን በዚያች ነጥብ ላይ እንዲሰበስብ አዘዘው። ራማክሪሽና እንደገና ሞከረ፤ የሚወዳትን መልክ በማስተዋል ሰይፍ እንደ ቈረጠ ሆኖ አለፈ፤ ሦስት ቀን ሙሉም ሳይንቀሳቀስ በተመስጦ ቀረ። ይህ ሁኔታ ሳማዲ ይባላል። ለሦስት ቀን የመጣው ቶታፑሪም ዐሥራ አንድ ወር ተቀመጠ።

ይህ ታሪክ በልቡና መሰብሰብ ውስጥ ያለውን ጥልቅ ችግር ይገልጣል። ልቡናን ከሺህ ነገር አውጥቶ ወደ አንድ ያመጣው ያ ፍቅር፣ በመጨረሻ ራሱ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ራማክሪሽና ግን ከዚያ በኋላ መልክ ያለውን አምልኮ አልናቀም፤ ወደ ካሊ ተመልሶ እንደ ቀድሞው ልጅ ሆነ። መልክ ያለውና መልክ የሌለው የአንዱ አምላክ ሁለት ገጽታ ናቸው የሚለው ትምህርቱ የመጣው ከዚህ ነው።

በ1866 የእስልምናን ጸሎት ለጥቂት ቀናት ተለማመደ፤ ከዓመታት በኋላም መጽሐፍ ቅዱስን እያስነበበ ስለ ኢየሱስ አሰላሰለ። በሁሉም መንገድ ወደ አንድ ፍጻሜ እንደ ደረሰ አመነ። እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባዋል። ለጥቂት ቀናት የሌላውን ጸሎት መጸለይ በዚያ ሃይማኖት ተወልዶ፣ በሕጉና በማኅበሩ ኖሮ ከመሞት ጋር አንድ አይደለም፤ የክርስትናም ሆነ የእስልምና ሊቃውንት ይህን ድምዳሜ አይቀበሉትም። ቢሆንም በሃይማኖት ልዩነት ደም በሚፋሰስበት ዓለም የሌላውን ጸሎት በአክብሮት ለማወቅ መፈለጉ የሚመሰገን ነው።

አሁን ወደ ሳራዳ እንመለስ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሆናት፣ ባልሽ አብዷል የሚለው የመንደር ሐሜት ስለ ከበዳት፣ በ1872 ከአባቷ ጋር ረጅሙን መንገድ በእግሯ ተጕዛ፣ በመንገድም በንዳድ ታማ፣ ዳክሺኔሽዋር ደረሰች። ራማክሪሽና በደግነት ተቀበላት፤ አስታመማትም። ነገር ግን እንደ ባልና ሚስት አልኖሩም። በአንድ የበዓል ሌሊት በአምላክ ምስል ምትክ እሷን አስቀምጦ በሙሉ ሥርዓት ሰገደላት። ለእሱ ይህ የእናቲቱን መልክ በሴት ሁሉ የማየት ፍጻሜ ነበር። ሳራዳ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በግቢው ባለች ጠባብ ክፍል እየኖረች፣ ከንጋት በፊት እየተነሣች፣ ለእሱና ለእንግዶቹ ምግብ ስታበስል ኖረች። እሱ ሲሞትም ለጊዜው በችግር ላይ ወደቀች። ኋላ በ1920 እስክትሞት ድረስ የብዙ ሰዎች መንፈሳዊ እናት ሆናለች፤ የባሏንም መንገድ በፈቃዷ እንደ ተካፈለች ራሷ መስክራለች። ሆኖም በአምስት ዓመቷ ማንም ፈቃዷን እንዳልጠየቃት መርሳት አይገባም። ወንዶች ተከታዮቹን ከሴትና ከወርቅ እንዲርቁ ዘወትር ማስጠንቀቁም ዛሬ ከብዙ አንባቢ ትችት አላመለጠም። የአንድ ሰው ልቡና በአንድ ነገር ላይ ፈጽሞ ሲያርፍ፣ የዕለቱን ሸክም የሚሸከም ሌላ ሰው ከበስተኋላው አለ።

በ1875 የታወቀውን የሃይማኖት አዳሽ ኬሻብ ቻንድራ ሴንን ካገኘ በኋላ፣ የካልካታ ምሁራን ወደ ዳክሺኔሽዋር ይጐርፉ ጀመር። ከመጡት መካከል በ1881 ያገኘው ናሬንድራናት የሚባል ጠያቂና ተከራካሪ የኮሌጅ ተማሪ ነበረ። የዚህ ወጣት አባት በ1884 ሲሞት ቤተሰቡ ለዕለት ጕርስ ተቸገረ። ራማክሪሽናም ወደ ካሊ መቅደስ ገብቶ እንዲለምን ነገረው። ወጣቱ ሦስት ጊዜ ገባ፤ ሦስቱንም ጊዜ ገንዘቡን መለመን ትቶ ዕውቀትንና ፍቅርን ብቻ ለምኖ ወጣ። ቪቬካናንዳ ተብሎ በ1893 በቺካጎ የሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ የተናገረው፣ በ1897 ሆስፒታልና ትምህርት ቤት የሚያቋቍመውን የራማክሪሽና ሚሽን የመሠረተው ይኸው ሰው ነው።

ለእኛ ለመምህራን ግን የበለጠ የሚቀርበን ሌላው ጐብኚ ነው። ማሄንድራናት ጉፕታ የካልካታ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበረ። በቤተሰብ ጠብ ተማሮ ሕይወቱን እስከ መጥላት በደረሰበት ጊዜ፣ በፌብሩዋሪ 1882 ወደ ዳክሺኔሽዋር መጣ። ሚስትና ልጆች አሉት፤ ሥራ አለው፤ መመነን አይችልም። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ልቡናውን በአምላክ ላይ ሊያሳርፍ ይችላልን?

ራማክሪሽና የሰጠው መልስ ከራሱ ሕይወት እጅግ የለዘበ ነበር። ሥራህን ሁሉ ሥራ፤ ከቤተሰብህ ጋርም ኑር፤ ነገር ግን በባለጸጋ ቤት የምታገለግል ሴት የጌታዋን ልጆች በፍቅር እያሳደገች ልቧ ከራሷ መንደር እንደማይለይ ሁሉ፣ አንተም እንዲሁ ሁን ሲል መከረው። ለዚህም አልፎ አልፎ ከሰው ተለይቶ መቀመጥ እንደሚያስፈልግ አስረዳው። ወተት ከውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ ጸጥ ባለ ስፍራ ረግቶ፣ ተንጦ ቅቤ ከሆነ በኋላ ግን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይቀላቀልም። ልቡናም አስቀድሞ በብቸኝነት ከረጋ በኋላ በዓለም መካከል ሊኖር ይችላል ማለቱ ነው። ይህ ምሳሌ ቅል ሲናጥ እያየ ላደገ ኢትዮጵያዊ ማብራሪያ አያሻውም።

ማሄንድራናት ምክሩን ተቀብሎ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። በሥራ ቀን ያስተምራል፤ በዕረፍት ቀን ዳክሺኔሽዋር ሄዶ የሰማውንና ያየውን ማታ በማስታወሻው ይጽፋል። ከዚህ ማስታወሻ የተዘጋጀው ካታምሪታ የተባለው ባለ አምስት ጥራዝ የቤንጋልኛ መጽሐፍ ከ1902 እስከ 1932 ታተመ። እሱም በዚያው በ1932 ዐረፈ። መጽሐፍ ያልጻፈው ራማክሪሽና ለዓለም የተገለጠው በዚህ መምህር ትጋት ነው። አንድን ሰው ለዓመታት ልብ ብሎ ማዳመጥ፣ የሰሙትንም ማታ ሳይሰለቹ መልሶ ማስታወስ ራሱ የልቡና መሰብሰብ ነው። ማሄንድራናት መነኵሴ ሳይሆን ያንን ጸጋ በሙያው ውስጥ አገኘው ማለት ይቻላል።

በ1885 ራማክሪሽና የጕሮሮ ካንሰር ታመመ። መናገር ሲያቅተው በምልክት ያስተምር ነበር። ያክመው የነበረው ዶክተር ማሄንድራላል ሳርካር ሳይንስን የሚያምን ሐኪም ነበር፤ የበሽተኛውን ራእይ ባይቀበልም ሰውየውን አከበረው፤ ብዙ ሰዓትም ከአልጋው አጠገብ በክርክር አሳለፈ። ራማክሪሽና በኮሲፖር የአትክልት ቤት ኦገስት 16 ቀን 1886 ዐረፈ። ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ነበር።

ስለዚህ ሰው ፍርድ ለመስጠት የሚፈልግ ሁሉ አንድ ነገር ይቸግረዋል። አንዳንዱ በሽተኛ ነበር ይላል፤ ተከታዮቹ አምላክ በሥጋ የተገለጠበት ነው ይላሉ። በሁለቱ መካከል የማይካድ ነገር አለ። ልቡናን የሚበትነው የፍቅር ማነስ መሆኑን ይህ ሰው በሕይወቱ አሳየ፤ የማይወዱትን ነገር ለረጅም ጊዜ ማሰብ አይቻልምና። ተማሪው ትምህርቱን ልብ እንዲል በአለንጋ ያስገደደ መምህር ዓይኑን ብቻ ወደ ሰሌዳው ያዞረዋል፤ ትምህርቱን ያስወደደው ግን ልቡን አግኝቷል። አለንጋው ከክፍል ቢወጣ እንኳ፣ የተማሪውን ፍቅር የማግኘቱ ሥራ ግን ገና የየዕለቱ ተግባራችን ነው።